እሳት የተከለከለበት በጋ

ባለፈው ሰሞን ለለቅሶ ወደ ጉኑኖ በኩል ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ እንደ ሰው ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ። ከጀርባችን ባለው ግቢ ወጣቶች አጥር ሊያጥሩ ይሁን ማድቤት ሊሠሩ እንጃ፣ እርጥብ ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። ሽታው መጣ። የእርጥብ ቀርከሃ ሽታ ለማያውቀው ሰው ምን ተብሎ ይነገራል? ሣር ሣር፣ ውሃ ውሃ ይላል፤ ትንሽ ደግሞ እሸት በቆሎ ይመስላል። እኔን ግን ባንዴ ልጅ አደረገኝ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አይታ ሟቹን የማውቀው መስሏት፣ "አይዞሽ፣ ጥሩ ሰው ነበር" አለችኝ። ሟቹን በመልክም አላውቀውም። ያለቀስኩት ለአያቴ ነው።

ያኔ ጣሊያን አገራችን ከገባ ብዙም አልቆየም። እኔ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ስስቅ አፌን በእጄ የምሸፍን ልጅ ነኝ። አባቴ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሄዶ አልተመለሰም፤ እናቴና እኔ የምንኖረው በአያቴ በአንጁሎ ቤት ነው። ቤቱ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ እንሰት መሃል፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ቆሟል። አያቴ ረጅምና ዝምተኛ ነበር። በሰፈራችን መሰብሰቢያ ሜዳ፣ በዱቡሻው፣ ሰዎች ሲጨቃጨቁ ይውሉና እሱ ሲነሳ ጸጥ ይላሉ። ዝናብ እንኳ እሱን አስፈቅዶ የሚዘንብ ይመስለኝ ነበር።

የኔ ሥራ እሳት መጫር ነው። ያኔ በሰፈራችን ክብሪት የሚባል ነገር የለም። ማታ ፍሙን አመድ አልብሶ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ሞቶ ከተገኘ ከጎረቤት ይጫራል። ይህ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ ልጅ ገል ይዞ ጎረቤት ቢታይ እስኪያገባ ድረስ ይሳቅበታል። እኔ ደግሞ ለሥራው የተፈጠርኩ ነበርኩ። ከሥር አመድ፣ መሃል ላይ ፍም፣ ከላይ አመድ፤ ነፋስ ሲመጣ ጀርባ መስጠት፤ ገሉ ሲግል በኮባ ቅጠል መያዝ። የኛ እሳት ባይጠፋም ለአሮጊቶቹ እላላካለሁ። በየቤቱ ስለምገባ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ገንፎ እንዳረረ አውቃለሁ። እናቴ፣ "የሰፈሩ ወሬ ባንቺ ገል ላይ ነው የሚዞረው" ትለኛለች። እሳት መከልከል ግን አይታወቅም። የተኳረፈ ሰው እንኳ ፊቱን አዙሮ በአገጩ ወደ ምድጃው ይጠቁማል እንጂ "የለም" አይልም።

በዚያ ዘመን ሰው ጌታ ይቀያየርበት ነበር። ግብር የሚቀበለው መልከኛ ሸሸ። መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምሩ የነበሩት ፈረንጆች ሄዱ፤ መንገድ የሚያስቆፍሩት ሌሎቹ ፈረንጆች መጡ። አያቴና ጓደኞቹ አስተማሪዎቹ ሲሄዱ ትምህርታቸውም አብሮ የሚሄድ መስሏቸው ነበር። ጭራሽ ባሰ። የተማረው ላልተማረው እያስተማረ፣ ከጉኑኖም ከበዴሳም በኩል ወጣቶች እየመጡ፣ ከወንዙ ማዶ የቅጠል ዳስ ጥለው መዘመር ጀመሩ። የእህል መጠጣችንን፣ ቦርዴን፣ አይጠጡም። ለአያት ቅድመ አያት መንፈስ አያርዱም። ለቅሶ ላይ ፊታቸውን አይቧጭሩም። ሰፈሩ "የዳስ ሰዎች" አላቸው።

አጎቴ ባሳ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ዳስ ይገባል ብሎ ማን አሰበ? ለቅሶ ላይ ጦር ይዞ ሲዘል የሚያህለው የለም፤ ቦርዴ ላይም እንደዚያው። በጊፋታ፣ በአዲስ ዓመታችን፣ ልጅ ከአባቱ እጅ ቦርዴ ተቀብሎ ይጠጣል። ያን ዓመት አያቴ ቅሉን ሞልቶ ለባሳ ዘረጋለት። ባሳ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ "አባባ፣ ውሃ ስጠኝ። ከእጅህ ውሃ ልጠጣ" አለ። አያቴ ቅሉን እንደዘረጋ ቆየ። ከዚያ ቦርዴውን መሬት ላይ አፈሰሰና፣ "ከግቢዬ ውጣ" አለው። ባሳና ሚስቱ ባሎቴ ዕቃቸውን ተሸክመው ወንዙን ተሻገሩ፤ ከዳሱ አጠገብ ከኮባ ቅጠል መጠለያ ሠርተው ገቡ። ሌሎቹ የዳስ ሰዎች ከሩቅ ስለሚመጡ እዚያ የሚያድሩት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ነገሩ ለኔ ግልጽ ነበር። አጎቴ ውሃ ጠየቀ፣ ቤት ውስጥ ውሃ አልነበረም፣ አያቴ አፈረና ተቆጣ። በማግሥቱ ማንም ሳያዘኝ ከወንዝ ውሃ ቀድቼ እያለከለክሁ መጣሁና አያቴ እግር ሥር አስቀመጥሁ። "አሁን ጥራው" አልኩት። አያቴ ውሃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ተነስቶ ወደ እንሰቱ ገባ።

ባሎቴ ትወደኝ ነበር። በጋው ሲገባ የመጀመሪያ ልጇ ሆዷን ገፍቶት ነበር። አንድ እሑድ ወንዝ ዳር አገኘችኝና እጄን ይዛ ዳስ አስገባችኝ። ብዙ ሰው ሣር ላይ ተንበርክኳል። ዘመሩ፤ ዜማው ሆዴን አባባው። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ይህን አውቀዋለሁ። አያቴ ለቀደሙት ሲያርድ ሴትና ልጅ ጀርባ ይሰጣል፤ መታየት የሌለበት ነገር ያልፋል ማለት ነው። እዚህም አንድ የሚያልፍ አለ። አንድ ዓይኔን ገለጥሁ። ቀይ ዶሮ በተንበረከኩት ሰዎች መሃል አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ እግሯን እያነሳች ቀስ ብላ ታልፋለች። ማንም እሽ አላላትም። ዓይኔን መልሼ ጨፈንሁ።

ቤት ስገባ ለአያቴ፣ "አየሁት" አልኩት።

"ምኑን?"

"እነሱ ዓይናቸውን የሚጨፍኑለትን። ዶሮ ነው።"

አያቴ ከጊፋታ ወዲህ ስቆ አያውቅም። ያን ቀን ግን ሳቀ፤ እንባውን በቡሉኮው ጫፍ እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። እኔ የሁለቱን ወገን ልዩነት በዚህ ተረዳሁ። ማዶዎቹ ለዶሮ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እኛ እናርዳታለን። ለጥንቃቄ ብዬ ለብዙ ጊዜ ለዶሮ መንገድ እለቅ ነበር።

የዳሱ ዝማሬ እየበረታ ሲሄድ በኛ በኩልም ነገር መጣ። ያመጣው ጎረቤታችን ኦይቻ ነው፤ አጭር፣ ድምፀ ትልቅ፣ ለአያቴ የልጅነት ጓደኛ። በየሳምንቱ እሑድ ከትልቁ ሾላ ሥር እንሰብሰብ አለ።

"እኛ መቼ ነው በየሳምንቱ የተሰበሰብነው?" አለ አያቴ። "ለአዝመራ ነው፣ ለበሽታ ነው።"

"እነሱ ይሰበሰባሉ አይደል እንዴ! ዝም ብለን እንያቸው?"

እናም ተሰበሰቡ። የዳስ ሰዎች ሲዘምሩ፣ የኛዎቹ፣ የዛፍ ሰዎቹም፣ አንዱ አውጪ ሌላው ተቀባይ ሆኖ የጥንቱን የአደንና የጀግና ዜማ አነሱ። የዳስ ሰዎች በሽተኛ ሲጠይቁ፣ የዛፍ ሰዎችም መጠየቅ ጀመሩ። ወንዝ ዳር የምትኖር አንዲት ባልቴት ጉንፋን ይዟት ከሁለቱም ወገን ቅቤና ማር ሲጎርፍላት፣ "ይህ ጠብ እስኪያልቅስ አልድንም" አለች አሉ። አያቴ ይህን ሁሉ ያያል። አንድ ቀን ለእናቴ፣ "የምንጠላቸውን መምሰላችንን ኦይቻ አላየም" ሲላት ሰምቻለሁ። አያቴ ራሱ ግን መሪያቸው ነው፤ ከሾላው ሥር ፊት የሚቀመጠው እሱ ነው።

የእሑዱን ነገር ሳስበው አሁንም ጠጉሬ ይቆማል። ቅሌን ይዤ ወንዙ መሃል ድንጋይ ላይ እቆማለሁ። በቀኜ የዳሱ ዜማ ቁልቁል ይወርዳል፣ በግራዬ የሾላው። ውሃው ላይ ይገናኛሉ። ተጣልተው እንደሚዘምሩ ማን በነገረኝ! ተራራው ራሱ በሁለት አፉ የሚናገር መሰለኝ። ፈራሁ፤ ደስም አለኝ። እንደዚያ ያለ ነገር ዓለም ላይ እኛ ሰፈር ብቻ የሚደረግ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሕጉ ወጣ። ኦይቻ በዱቡሻው ተነስቶ ከዳስ ሰዎች ጋር መቆራረጥ አለብን ሲል ሁሉም አያቴን አዩ። አያቴ ጦሩን መሬት ላይ ተከለ። "ለዳስ ሰው እሳት አይሰጥ። ከእሱም እሳት አይወሰድ። ሲሠራም አይታገዝ። ይህን ያፈረሰ ምድጃው ይጥፋ" አለ። ሰው ሁሉ አጉረመረመ፤ እሳት መከልከል የክፉ ክፉ ነው። ማታ እናቴን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። "ብርድ ልጁን ወደ ቤት የሚመልስለት መስሎታል" አለችኝ። እኔም ሥራዬን አጣሁ ማለት ይቻላል። ለአሮጊቶቹ መላላኬ ባይቀርም፣ ወንዙን በገል እንዳላቋርጥ ተነገረኝ።

በጋው መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ካፊያ ጣለና ባሎቴ ደጃችን መጣች። ቤት አልገባችም፤ ሆዷን ይዛ ከውጭ ቆመች። በእጇ ባዶ ገል አለ።

"እህቴ፣ እሳት ልጫር።"

እናቴ ምድጃው ዳር ነበረች። ፍሙ ቀልቷል። አያቴ ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጧል። እናቴ እሱን አየችው፣ እሱ መሬቱን አየ። ባሎቴ ትንሽ ጠበቀችና፣ "ደህና ዋሉ" ብላ ተመለሰች። እናቴ ዓይኗን ጠረገች፤ "ጢሱ ነው" አለች። ጢስ አልነበረም። በሕይወቴ ከዚያ የባሰ ጸጥታ አላውቅም።

የበልግ ዝናብ ደርሷል፤ ባሳ ደግሞ ሳይዘንብ ቤት መሥራት ነበረበት። ቤት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ሰፈር ካልወጣ ጣራው አይነሳም። የኛ ሰፈር ደግሞ በሕጉ ታስሯል። አንድ ጠዋት ከጉኑኖ መንገድ በኩል ድምፅ መጣ። ወጣን። የማናውቃቸው ሰዎች፣ ወንድ ሴቱ፣ ቀርከሃና ሣር ተሸክመው እየዘመሩ ይመጣሉ፤ መጨረሻቸው አይታይም። ለአንድ ቦርዴ ጠጪ ለነበረ ልጅ! ኦይቻ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሸለቆው በሙሉ ቀርከሃ ቀርከሃ ሸተተ። ጣራውን መሬት ላይ ጠለፉት፤ እንደ ትልቅ እንቅብ፣ ከላይ ሾጣጣ፣ ከታች ሰፊ አድርገው። ግድግዳው ቆመ። መሃል ላይ የምሰሶው ጉድጓድ ተቆፈረ። እዚያ ላይ ሥራው ቆመ።

በኛ ዘንድ የመሃል ምሰሶን የሚተክለው አባት ነው። ቅቤ ቀብቶ፣ መርቆ፣ በእጁ ደግፎ ይይዘዋል፤ ጣራው ተነስቶ እስኪያርፍበት ድረስ አይለቅም። አባት ያልያዘው ምሰሶ የሰው ቤት አይሸከምም ይባላል። እኔ፣ እናቴና አያቴ ከደጃችን ሆነን እናያለን፤ ወንዙ ጠባብ ስለሆነ ድምፁም ይሰማል። ከጉኑኖ የመጣው ወጣት አስተማሪ፣ "ወንድም ባሳ፣ ዝናቡ ደርሷል። አባታችን በሰማይ ነው፤ እኛ እንያዘው" ሲለው ሰማን።

"የሰማዩ አባቴ ያውቃል" አለ ባሳ። "የምድሩም አባቴ ግን እዚያ ማዶ ቆሟል።"

ምሰሶውን መሬት ላይ አጋድሞ አጠገቡ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ሣሩን እንደያዘ ቆመ። ደመናው ዳሞታን ሸፈነ። አያቴ ወደ ቤት ገባ፤ ሲወጣ በኮባ ቅጠል ቅቤ ይዟል። እናቴ፣ "አባታችን፣ ሕጉ..." አለች። "አውቃለሁ" አላት። ቁልቁለቱን ወረደ፣ ወንዙን ተሻገረ። እኔም ተከተልሁት፤ ማንም አትሂጂ አላለኝም።

ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ምሰሶው አጠገብ ደርሶ ቅቤውን ሊቀባ ሲል አስተማሪው በፍርሃት ቀረበና፣ "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምሰሶ መቀባቱን ትተነዋል፤ ለመንፈስ ይመስላል" አለው። ባሳ ራሱን በእጁ ያዘ። አሁን አያቴ ጥሎ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። አያቴ ቅቤውን አየው። ከዚያ በገዛ ራሱ ሽበት ላይ አሸው። "እጄስ? እጄንም ትታችኋል?" አለ። አስተማሪው አንገቱን ደፋ። አያቴና ባሳ ምሰሶውን አቁመው ጉድጓዱ ውስጥ አስገቡት፤ አያቴ በሁለት ክንዱ አቀፈው። ሰዎቹ ጣራውን በዝማሬ አነሱት። አየር ላይ ወጣ፤ እግር ያወጣ ይመስል በላያችን ተንቀሳቀሰ፣ ሰማዩን ጋረደብን። በጫጩት ላይ እንቅብ እንደሚደፋ አያቴ ላይ ወረደና ዋጠው። በቀርከሃው ቀዳዳ የሚታየው ነጭ ራሱ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ ያለ ትልቅ ነገር አላየሁም።

ቤት ስንመለስ አያቴ እናቴን፣ "ውሃ አምጪ" አላት። ሊጠጣ መስሏት አቀረበችለት። ማሰሮውን በምድጃው ላይ ገለበጠው። ፍሙ ጮኸ፣ አመዱ ተነሳ። "ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያጠፋብኝ አልጠብቅም" አለ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ብርዱም መጣ። በሶና ጥሬ ወተት እየበላን፣ ከአያቴ ቡሉኮ ሥር ተጠጋግተን ሰነበትን። እናቴ ወደ ዘመዶቿ ሄዳ መሞቅ ትችል ነበር፤ አልሄደችም። ባሳ መጥቶ ለመነው፤ "አባባ፣ ከኛ ጋር ሁን። ዳሱ ለአንተም ነው" አለው። አያቴ፣ "ልጄን ብዬ መጣሁ እንጂ ዳሱን ብዬ አልመጣሁም። እኔ የዛፍ ሰው ነኝ" ብሎ መለሰው። በዚያው ሰሞን ባሎቴ ሴት ልጅ ወለደች። የባሳ አዲስ ቤት ሣሩ እርጥብ፣ እንጨቱም እርጥብ ስለሆነ እሳታቸው ጠፋ። ከጉኑኖ በኩል እንደገና ሊያመጡላቸው ሞከሩ፤ የሩቅ እሳት ደግሞ በዝናብ መንገድ ላይ ይሞታል። አራስ ያለ ገንፎ፣ ያለ ፍም! ወንዝ ዳር ሴቶቹ ሌላ አያወሩም። የአባትና የልጅ ቤት፣ ጢስ የማይወጣባቸው፣ ፊት ለፊት ተያይተው ቆሙ።

ኦይቻ መጣ። በር ላይ ቆሞ ጨለማውን ምድጃችንን አየና ድምፁ ዝቅ አለ።

"ተማክረናል። ሽማግሌ ነህ፣ መሪያችን ነህ፤ ላንተ ሕጉ ይነሳልህ ብለናል። እሳት ይምጣልህ።"

"ለኔ ብቻ?"

"ላንተ ብቻ።"

"ለእኔ ብቻ ከሆነ ይቅርብኝ። አራሷ ሳትሞቅ እኔ አልሞቅም።"

"አንጁሎ፣ በገዛ ሕግህ ልትገድለን ነው እንዴ?"

"ክፉ ሕግ ነው ያወጣሁት" አለ አያቴ። "ልጄን ይመልስልኛል ብዬ ነው። እኔኑ ወሰደኝ።"

ኦይቻ ተቆጥቶ ወጣ። አያቴ ዓይኑን ጨፈነ።

እውነቱን ለመናገር በዚያ በጋ ማንም ማንንም አላሸነፈም። ዳሱም ሾላውም እሑድ እሑድ መዝሙራቸውን ቀጠሉ። በማግሥቱ ጠዋት ያየሁትን ግን ያየ ሰው ይመሰክራል። ዝናቡ አባርቷል። ደጅ ቆሜ ሳለሁ ከላይ ከኦይቻ ቤት አንድ ሰው ቁልቁል ይመጣል፤ ከእጁ ጢስ ይወጣል። ኦይቻ ራሱ ነው፣ ገል ይዞ! አያያዙን አያውቅበትም። አመድ ከሥር አላደረገም፣ ኮባ አልያዘም፤ ጣቱ ሲቃጠል ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዘዋወረ ይዘላል። ሴቶቹ ከየደጃቸው ወጡ። የሳቀ ግን አልነበረም። በደጃችን አለፈ፤ ወደኛ ቀና እንኳ አላለም። ወንዙን ተሻግሮ አዲሱ ቤት ገባ።

አያቴ ወጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ሁላችንም ጣራውን እናያለን። ምንም የለም። አሁንም ምንም የለም። ከዚያ ከእርጥቡ ሣር ውስጥ ቀጭን ጢስ ብቅ አለ፤ ወፈረ፤ ጣራው በሙሉ መጤስ ጀመረ። የአያቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር።

ኦይቻ ዳገቱን እያለከለከ ተመለሰ። ገሉ አሁንም ያጤሳል። ደጃችን ደርሶ ፍሙን ወደ አያቴ ዘረጋ።

"ይህ የኔ አይደለም። ከልጅህ ምድጃ የተጫረ ነው" አለ። "ትቀበላለህ ወይስ አትቀበልም? እጄ ነደደ!"

አያቴ ፍሙን አየ። ማዶውን አየ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

"ምድጃውን ጥረጊ" አላት።